«ባሪያ» ምን ማለት ነው?

ባለፈው ጥቅምት፣ እዚሁ ሐይቅ፣ ደጃፌ ላይ በርበሬ ሳሰጣ የስድስት ዓመቱ ልጃችን ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጣላና «አንተ ባሪያ!» ሲል ሰማሁት። ጓደኛው መልኩ ጠቆር ያለ ነው። ውድ ወላጆች፣ ቃሉን ከየት እንዳመጣው ለማወቅ ሩቅ አልሄድኩም። «እንደ ባሪያ ስለፋ ዋልኩ» እያልኩ የማማርረው እኔው ነኝ።

ልቀጣው ስነሣ ባለቤቴ «መጀመሪያ ቃሉን ይወቀው» አለኝ። ማታ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ቅዱሳችንን አውጥቼ ኦሪት ዘፀአትን ገለጥኩ። ሌላ ጊዜ ወደ ባሕሩ መከፈል እቸኩላለሁ (ልጄም «ሐይቃችን ነው?» ይለኛል)። አሁን ግን ጡብ በሚሠሩት ሰዎች ላይ ጣቴን አሳርፌ ዝም አልኩ። «እናታቸው የት አለች? ለምን እምቢ አይሉም?» አለ። ትንሽ ቆይቶ፦ «ግብፆች ክፉ ነበሩ፤ እኛ ግን ጥሩ ነን፣ አይደል?»

እዚህ ላይ ደነገጥኩ። የዘፀአት ሥዕል ብቻውን ጌቶቹን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ያደርጋቸዋል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ልጅ የነበሩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ።

ስለዚህ በደብተር ወረቀት ሥዕል ሥለን፣ በክር ሰፍተን የራሳችንን መጽሐፍ ሠራን። የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ ነው። ኢሉባቦር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከእናቱ ተነጥቆ፣ ደጋግሞ ተሸጠ። ጅራፉን አልሣልንም፤ ለሕፃን የእናትና የልጅ መለያየት ይበቃዋል። በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮን ተምሮም ተጠመቀ። የቀድሞ ስሙ ሂካ ነበር። በኦሮምኛ «ፈታ» እና «ተረጎመ» አንድ ቃል ናቸው። እርሱም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰው፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። በሥራው ብዙ የደከመችው አስቴር ጋኖም ከባርነት የወጣች ነበረች። ከእርሱ ጋር ያዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ በ1894 እ.ኤ.አ. በእኛው በግዕዝ ፊደል ታትሟል። ነጻ የወጡትን ሲያለቅሱ ብቻ ሳይሆን ሲጽፉም ልጆች ይዩአቸው።

እሑድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ «አባዬ ሲጸልይ ለምን ‹እኔ ባሪያህ› ይላል?» አባትህ ወዶ የሰጠው ነው፣ ሂካን ግን ማንም አልጠየቀውም አልኩት። ጥያቄው ግን ገና አላለቀም፤ በየጊዜው ይመለስበታል።

በማግስቱ መጽሐፉን ይዘን ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። የልጁ እናት ቡና አፈላችልን። ልጆቹ ሥዕሉን ቀለም ሲቀቡ እርሷ እስከ ቶና ድረስ ዝም ብላ ገጾቹን ገለጠች። ከዚያም «እህቴ፣ ይኼን ለትልልቆቹም አንብቢላቸው» አለችኝ።