ቅጠሉ ምን ይመሰክራል? የአየር ብክለትን ከማሳ ላይ መለየት

በበጋ ወራት ተሽከርካሪ በሚበዛበት የጠጠር መንገድ ዳር ያለ ማሳን ያየ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ። ለመንገዱ የቀረበው የጌሾ፣ የማንጎ ወይም የአጥር ዛፍ ቅጠል አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ወደ ማሳው ውስጥ በተገባ ቁጥር ግን አረንጓዴው እየጠራ ይሄዳል። ይህ ልዩነት «አቧራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሆኖም ቅጠል በአካባቢው ስላለው አየር የሚናገር፣ ገንዘብ የማይጠይቅ መለኪያ ነው።

ምልክቱን በትክክል ማንበብ ለአርሶ አደሩ የኪስ ጉዳይም ነው። የተቃጠለ የቅጠል ጠርዝ አይቶ በሽታ መስሎት ፀረ ፈንገስ የሚረጭ፣ ወይም ዩሪያ የሚጨምር አርሶ አደር መንስኤው ጭስ ከሆነ ገንዘቡም ጉልበቱም ይባክናል። በተቃራኒው የአፈር ማዳበሪያ እጥረትን በፋብሪካ ማሳበብም መፍትሔውን ያዘገያል።

ቅጠል ለምን ቀድሞ ይጎዳል?

ተክል የሚተነፍሰው በቅጠሉ ላይ ባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። በብዙ ተክሎች ላይ እነዚህ ቀዳዳዎች በቅጠሉ ሥር በኩል ይበዛሉ። ለምግብ ዝግጅት የሚያስፈልገው አየር በሚገባበት በር መርዛማ ጋዝም አብሮ ይገባል። አቧራ ደግሞ ከላይ አርፎ የፀሐይ ብርሃንን ይከለክላል፤ ቀዳዳዎችንም ይደፍናል። የሲሚንቶ አቧራ ከጤዛ ጋር ሲገናኝ ደርቆ እንደ ቅርፊት ስለሚጣበቅ ዝናብ በቀላሉ አያጥበውም። እንደ ዱባና ሱፍ ያሉ ሰፊና ሻካራ ቅጠሎች ከለስላሳዎቹ ይልቅ አቧራ ይይዛሉ።

ዋና ዋና ምልክቶች

የድንጋይ ከሰልና ከባድ ነዳጅ ሲቃጠል፣ ማዕድንም ሲቀለጥ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሲበዛ በቅጠሉ ሥሮች መካከል ያለው ክፍል ይነጣል ወይም የገለባ መልክ ይይዛል፤ ሥሮቹ ግን አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ገብስና አልፋልፋ ጉዳቱን ቶሎ ከሚያሳዩ ሰብሎች መካከል ናቸው።

ፍሎራይድ ከሸክላ ጡብና ከሴራሚክ ማቃጠያ፣ ከአሉሚኒየም ማቅለጫ እንዲሁም ከፎስፌት ማዳበሪያ ፋብሪካ ሊወጣ ይችላል። ምልክቱ የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ቡናማ ሆኖ መድረቅ ሲሆን፣ የደረቀው ከአረንጓዴው በግልጽ መስመር ይለያል። ወይንና ግላዲዮለስ የተባለው አበባ ለዚህ ስስ ናቸው። ፍሎራይድ በመኖ ውስጥ ስለሚጠራቀም ለረጅም ጊዜ የተመገቡት ከብቶች ጥርስና አጥንት ይጎዳል።

ኦዞን የሚፈጠረው የተሽከርካሪና የፋብሪካ ጋዞች ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኙ ነው። ነፋስ ይዞት ከከተማ ርቆ ሊደርስ ይችላል። በቦሎቄ፣ በድንችና በትምባሆ በተለይም በቆዩ ቅጠሎች የላይኛው ገጽ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ያወጣል። በአሜሪካና በአውሮፓ ለኦዞን ስስ የሆነ የትምባሆ ዝርያ ለዚሁ ዓላማ ተተክሎ ለክትትል አገልግሏል።

ከበሽታና ከእጥረት እንዴት ይለያል?

የስንዴ ዋግ በጣት ሲዳሰስ ዱቄቱ ይወጣል፤ ከተክል ወደ ተክልም ይዛመታል። የአየር ብክለት ግን የተለያዩ ተክሎችን፣ አረምንና የአጥር ዛፍን ጨምሮ በአንድ ጊዜ ይነካል። የናይትሮጅን እጥረት ከሥር ያሉትን የቆዩ ቅጠሎች ያበጫል፤ የፖታሲየም እጥረት ጠርዛቸውን ስለሚያቃጥል ከፍሎራይድ ጋር ይመሳሰላል። ውርጭ ደግሞ በአንድ ሌሊት ረባዳውን ቦታ ይመታል።

ዋናው መለያ አቅጣጫና ርቀት ነው። ጉዳቱ ከጭስ ማውጫው ወይም ከድንጋይ መፍጫው በራቀ ቁጥር የሚቀንስ፣ ነፋሱ በሚነፍስበት በኩል የሚበዛ ከሆነ መንስኤው አየሩ ላይ ሊሆን ይችላል።

ማስረጃ አያያዝ

የቀበሌ የግብርና ባለሙያና አርሶ አደሩ አብረው ሊሠሩት የሚችሉት ቀላል ዘዴ አለ። ከምንጩ በነፋሱ አቅጣጫ በ50፣ በ200፣ በ500 እና በ1000 ሜትር ላይ ቦታ ይመረጣል። በየቦታው ከአንድ ዓይነት ተክል፣ ተመሳሳይ ዕድሜና ቁመት ላይ 10 ቅጠል ይታያል። ቅጠሉ በነጭ እርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቆቹ ይነጻጸራሉ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩልም እንዲሁ ይደረጋል። ቀኑ፣ የመጨረሻው ዝናብ የጣለበት ዕለትና የጉዳቱ መልክ ይመዘገባል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። ሥራው በየወሩ ቢደገም ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

እንዲህ ያለው ማስረጃ ምን ያህል እንደሚመዝን የካናዳው ትሬይል ጉዳይ ያሳያል። በአሜሪካ ድንበር አቅራቢያ የነበረ የእርሳስና የዚንክ ማቅለጫ ጭስ በኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ ወርዶ የዋሽንግተን ግዛት ገበሬዎችን ሰብልና ደን ጎዳ። ሁለቱ መንግሥታት ያቋቋሙት የግልግል ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1938 የ78 ሺህ ዶላር ካሳ ወሰነ፤ በ1941 ደግሞ ማቅለጫው ጭሱን እንዲቆጣጠር አዘዘ። ጉባኤው የካሰው በሰብልና በደን ላይ የተረጋገጠውን ጉዳት ነው። በከብቶች ላይ ደርሷል የተባለውን ግን በማስረጃ ስላልተደገፈ አልተቀበለውም።

በሀገራችንም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል አካል ላይ፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወይም ለፌዴራሉ ባለሥልጣን አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይፈቀድለታል።

ቅጠል ግን ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ብክለት መኖሩን ይጠቁማል፤ መጠኑን የሚያረጋግጠው የላቦራቶሪና የመሣሪያ ምርመራ ነው። ስለዚህ የወረዳ የግብርናና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች የአርሶ አደሩን መዝገብ ይዘው ናሙና እንዲመረመር ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። እስከዚያው መንገድን ውኃ ማርከፍከፍ፣ በማሳ ዳር ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ አጥር መትከል፣ አትክልትን በደንብ አጥቦ መመገብና በአቧራ የተሸፈነ መኖን ለከብት አለመስጠት ጉዳቱን ይቀንሳሉ። ምዝገባውን ለመጀመር ግን የማንንም ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደብተር፣ ነጭ ጨርቅና የሚያስተውል ዓይን ይበቃሉ።