ደረት ላይ የሚቀመጠው

ከአምባሰል መጥታ ሐይቅ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አባቷ ይዘዋት የመጡት ትምህርቷን ካስቋረጧት በኋላ ነው። «ዶክተር፣ ልጅቱን ለክፏታል» አሉኝ። እሷ አንገቷን ደፍታ፣ «ዓይኔ ተገልጧል፤ ቆርቆሮው ይታየኛል፤ አከራዬ ደጅ ስትጠርግ የመጥረጊያው ድምፅ ይሰማኛል። ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ ግን አልችልም። የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ወጥቶ ትንፋሽ ይነሳኛል» አለችኝ።

መጥረጊያው እውነት ነው። ደረቷ ላይ የወጣው ሕልም ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ደረሱባት።

ይህን ማስረዳት የሚያደክመኝ፣ ሰው ሁሉ ንቃትን እንደ መብራት ስለሚያየው ነው፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ወላጁም፣ መምህሩም፣ የጤና ባለሙያውም ያው ነው። እንቅልፍ ግን መጥፋት አይደለም። አሰሪንስኪና ክሌይትማን እ.ኤ.አ. በ1953 ዓይን ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ደረጃ ለዓለም አሳወቁ። በዚህ ደረጃ አንጎል የነቃ ያህል ይሠራል፤ ሕልም የሚበዛውም ያኔ ነው። ከሕልማችን ጋር ተነሥተን እንዳንሮጥ ጡንቻ ይፈታል። ደረጃው በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ወደ ንጋት ሲሆን ይረዝማል። አንዳንዴ ጡንቻው እንደተፈታ ሰውየው ቀድሞ ይነቃል። ዱካክ የምንለው ይህን ነው። የደረት ጡንቻም ስለሚላላ ትንፋሽ ያጠረ ይመስላል፤ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ግን ሥራውን አያቆምም። ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደረት ላይ የምትወጣው አሮጊት ናት፤ ግብፅ ውስጥ ጂን ነው። አካል ላይ የሚሆነው ግን የትም አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የብዙ አገር ጥናቶችን የደመረ ሥራ፣ ከጠቅላላው ሕዝብ 8 በመቶ ገደማ፣ ከተማሪዎች ግን 28 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንዴ እንደገጠማቸው አሳይቷል። አንዱ ምክንያት የእንቅልፍ ማጣትና መዘበራረቅ ነው። የእኛ ልጆች ሌሊቱን በቡና፣ ሲብስም በጫት ይገፉታል፤ ጎሕ ሲቀድ በጀርባቸው ይዘረራሉ። በ2014 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የሰማ ልጅ እንቅልፍን ቢጠላ አልፈርድበትም። ግን ያጠናው የሚጸናለት ሲተኛ ነው! በዚያ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

ተምረናል የምንለውም አንሻልም። «ምንም አይደለም፣ ሕልም ነው» ብሎ የሚሸኛት ባለሙያ ንቃትን እንደ መብራት የማየቱን ያንኑ ስሕተት ይደግማል። መጥረጊያውን በጆሮዋ የሰማች ልጅ ሁሉንም አልመሽ ነው ስትባል እኛን ማመን ትተዋለች። በዱዓውም በጠበሉም ከማንም ጋር አልጣላም፤ ፍርሃት ዱካክን ያባብሳል፣ ልብ የሚያረጋጋ ነገር ሁሉ ይጠቅማል። የምጣላው ልጅን በጭስ ከሚያፍን፣ ከሚገርፍና ከትምህርት ገበታ ከሚያስነሣ ጋር ነው።

ሐይቅና ውጫሌ ቤት ተከራይታችሁ ልጅ የምታስተምሩ ወላጆች፣ ዱካክ ያዘኝ ስትላችሁ በመጀመሪያ በስንት ሰዓት እንደምትተኛ ጠይቋት። በጎኗ ትተኛ፤ የመኝታና የመነሻ ሰዓቷ አንድ ይሁን። ቀን ክፍል ውስጥ ሳታስበው እንቅልፍ የሚጥላት፣ ወይም ስትስቅ ጉልበቷ የሚከዳት ከሆነ ግን ሌላ የእንቅልፍ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ ደሴ ሆስፒታል ውሰዷት።