አፉ እስኪፈታ ስንት ወረቀት?

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ከዳች ፍቅረኛና ስለ ተሰበረ ልብ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ትንሽ ልጅ አፍ ላወጋችሁ ነው። ልጁ የእህቴ ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ በከፊል የኔ። አሜሪካ እህት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ያላችሁ፣ በተለይ «ዲቪ ይድረሰኝ እንጂ ውትድርና እገባለሁ» የምትሉ ወጣቶች ጆሯችሁን ስጡኝ።

ታላቅ እህቴ እ.ኤ.አ. በ2016 ዲቪ ደርሷት ሄደች። ሦስት ዓመት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስትቆልል ከርማ በ2019 የአሜሪካ ጦር ውስጥ ተቀጠረች። ወሬው ሰፈር ሲደርስ «ሴት ልጅ ወታደር? ያውም በሰው አገር?» ያላለ አልነበረም። እሷ ግን አስልታ ነው የገባችው። በግሪን ካርድ መቀጠር ይቻላል፣ ደመወዙ አይቀርም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የወታደር ቤተሰብ ሕክምና ትራይኬር በሚባል የጤና ኢንሹራንስ ይሸፈናል። «ከእንግዲህ ታመን ዕዳ ውስጥ አንገባም» አለችኝ። እኔም ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ልጇ የተወለደው በ2021 በፈረንጅ መጋቢት ነው። ዓመት ተኩል ሲሞላው ደወለች።

«ልጁ አያወራም።»

«ወንድ አይደል እንዴ? የወንድ አፍ ይዘገያል!» አልኳት እየሳቅሁ።

«እማማ እንኳ አይልም እኮ።»

እማዬ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሟርት አታውሪ! በአባቱ ወጥቶ ነው። አባቱም አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ ይሆናል» አለቻት። (እማዬ የልጁን አባት ያወቀችው በሰርጉ ቪዲዮ ነው።) ጎረቤታችን ደግሞ «ምላሱ ታስሮ ይሆናል፣ ቆረጥ ይደረግለት» ብለው ተጨመሩበት። እማዬ በዚያው ሳምንት አፉ ከተፈታ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳለች። እህቴም ዝም አለች። እንዲህ እያልን 11 ወር አለፈ። እነዚያን 11 ወራት ማንም ኢንሹራንስ አልከለከላትም፤ የከለከልናት እኛ ነን።

እዚያ ማዶም መካሪ አልጠፋም። ልጁን በቀን የምትይዘው ሴት «ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ነው፣ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩ» አለቻቸው። አባትየው እሺ ብሎ ያንኑ አደረገ። የሰውዬው እንግሊዝኛ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ እንግሊዝኛ ነው። ቀድሞ ስለ ጅብና ስለ አህያ ተረት ይነግረው የነበረ ሰው፣ «ጉድ ቦይ» እና «ኖ» ብቻ ቀሩት። «ቤቱ ጭር አለ» ብላኝ ነበር እህቴ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

በነሐሴ 2023 አላስችል ብሏት ልጁን ጦር ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው ክሊኒክ ወሰደችው። የልጆች ሐኪሙ መጀመሪያ ያዘዘው የጆሮ ምርመራ ነው። የማይሰማ ልጅ አይናገርማ! ጆሮው ደህና ሆነ። ቀጥሎ ልጁ የሚባለውን ምን ያህል እንደሚረዳና ራሱ ምን ያህል እንደሚል ታየ። በሁለቱም ከዕድሜው ኋላ ነው ተባለ። የንግግር ሕክምና፣ እነሱ ስፒች ቴራፒ የሚሉት፣ እንዲጀምር ሪፈራል ተጻፈለት።

እዚህ ላይ ነው ወረቀቱ የሚጀምረው። ትራይኬር ዓይነት አለው። እህቴ ያለችው ፕራይም በሚባለው ነው። ፕራይም ሥራ ላይ ላለ ወታደር ቤተሰብ ርካሽ ነው። መንገዱን ጠብቆ ለሄደ፣ ለተፈቀደ ሕክምና ከኪስ አይከፈልም። መንገዱ ግን የተመደበው ሐኪም ሪፈራል ይጽፋል፣ የአካባቢው የኢንሹራንስ ተቋራጭ ፈቃድ ይሰጣል፣ ከዚያ ወደ ባለሙያው ነው። ሴሌክት የሚባለው ለአብዛኛው ነገር ሪፈራል አይጠይቅም፣ ነገር ግን ድርሻህን ትከፍላለህ።

እህቴ ፈቃዱን ስትጠብቅ የመጣላት ደብዳቤ «አይሸፈንም» የሚል ሆነ። ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። እኔ 12ኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለካ ሪፈራሉን የሞላው ሰው ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ለመዋዕለ ሕፃናት ዝግጁ እንዲሆን» ብሎ ጽፎበታል! በበጎ ልብ ነው መቼም። ትራይኬር ግን የሚሸፍነው ከበሽታ፣ ከጉዳት፣ ከመስማት ችግር፣ ከተፈጥሮ እክል ወይም ከዕድገት መዛባት የመጣ የንግግርና የቋንቋ ችግርን ነው። የትምህርት ጉድለትን አይሸፍንም። አንድ «መዋዕለ ሕፃናት» የምትል ቃል ልጁን ከታማሚ ወደ ተማሪ አዛውራው አረፈች።

አባትየው ተናደደ። «ኢንሹራንሱ ገደል ይግባ!» ብሎ ልጁን ያለ ሪፈራል የግል ክሊኒክ ወሰደው። በፕራይም ያለ ሪፈራል መሄድ ቅጣት አለው። መጀመሪያ የተወሰነ ገንዘብ ከኪስህ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላም ከተፈቀደው ዋጋ ግማሹ ያንተ ነው። በግል ደግሞ ለአንድ ቀጠሮ ከ100 ዶላር በላይ መጠየቅ እዚያ ብርቅ አይደለም። ሦስት ጊዜ ሄደው አራተኛው ላይ ባልና ሚስት ተጣሉ። እህቴ መኪናዋ ውስጥ ሆና እያለቀሰች ደወለችልኝ። እኔ ምን ልበላት? «አይዞሽ» አልኳት። አይዞሽ ደግሞ ቢል አይከፍልም።

መፍትሔው ከእኔ አልመጣም። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ነው የመጣው። ይህች ሴት ሦስት ልጆች ያሏት ወታደር ስትሆን የመኪናዋ ኋላ ወንበር ላይ ወፍራም ፋይል ይዛ ትዞራለች። ለእህቴ ያለቻት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ዛሬውኑ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሺ፣ ሪፈራሉን የችግሩን የሕክምና ስም ጠቅሶ፣ የምርመራውን ውጤት አያይዞ፣ ሕክምናው ለምን እንደሚያስፈልግ ጽፎ እንደገና ይላከው። እንቢ ካሉሽም ይግባኝ አለ። በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ 90 ቀን ነው ያለሽ፣ ቀኑን ቁጠሪ።» ሁለተኛ፣ «ልጅሽ 3 ዓመት ሳይሞላው የሕፃናቱን ፕሮግራም ጥሪ።»

ይኼ ሁለተኛው ነገር በጣም አስገርሞኛል። አሜሪካ ውስጥ አይዲያ በሚባለው ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ስቴት ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ዕድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት አገልግሎት አለው። የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፣ እናት ራሷ ደውላ ማስመዝገብ ትችላለች። ከተመዘገበ በኋላ ምርመራውም ዕቅዱም በ45 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ለወታደር ልጅ ደግሞ የፕሮግራሙ ገንዘብ ከመነካቱ በፊት ከፋዩ ትራይኬር ነው። እህቴ የደወለችው ልጁ 2 ዓመት ከ8 ወር ሲሆነው ነበር። ሲቀናጅ ለ3 ዓመቱ ሁለት ወር ተኩል ቀረው። ያ የኔ «የወንድ አፍ ይዘገያል» ምን ያህል እንደበላ እናንተው አስሉት።

በዚያው ሰሞን በትክክል የተጻፈው ሪፈራልም ፈቃድ አገኘ። አንዲት ባለሙያ ቤት ድረስ መጣች። መጀመሪያ የጠየቀችው ምን መሰላችሁ?

«ቤት ውስጥ የምታወሩት ምን ቋንቋ ነው?»

አባትየው ፈራ ተባ እያለ «አሁን እንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ አማርኛውን ትተናል» አላት። ሴትየዋ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። ሁለት ቋንቋ ልጅን እንደማያዘገይ፣ ከወላጅ የሚሰማው በደንብ የሚችሉትን ቋንቋ መሆን እንዳለበት፣ የልጁ ቃላት ሲቆጠሩም የሁለቱም ቋንቋ ተደምሮ መሆኑን አስረዳችው። ልጁ ሲመረመርም በሚሰማው ቋንቋ፣ ካልሆነም በአስተርጓሚ እንዲሆን ሕጉ ያዛል፣ የማይቻል ካልሆነ በስተቀር። አባትየው በዚያ ማታ ወደ ጅቡ ተመለሰ።

ከዚያ እኛም ሥራ ተሰጠን። የሚላቸውን ቃላት በሙሉ ጻፉ ተባለ። እህቴ ቪዲዮ ትልካለች፣ እኔና እማዬ ሳሎን ቁጭ ብለን እንቆጥራለን። «ሃ» ሲል ውሃ ነው፣ አንድ። «ቡ» ሲል ቡና ነው ወይስ ኳስ? በዚህ ላይ ከእማዬ ጋር ተጨቃጭቀናል። «እምቢ» ግን ጥርት ያለ ነበር። እሱን ማንም አልተከራከረበትም። 19 ቃል አገኘንለት፤ በ2 ዓመቱ አካባቢ ሁለት ቃል አያይዞ «ውሃ ስጪ» ማለት የሚጠበቅበት ልጅ በ3 ዓመቱ ዋዜማ 19 ነጠላ ቃል። እማዬ ወረቀቱን አይታ ምንም አላለችም። ተነስታ ወጥ ቤት ገባች።

አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። እህቴን ከገንዘቡ በላይ ያስጨነቃት መዝገቡ ነው። ልዩ ሕክምና ወይም ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው የቤተሰብ አባል ያለው በሥራ ላይ ያለ ወታደር «ኤክሴፕሽናል ፋሚሊ ሜምበር ፕሮግራም» በሚባለው መመዝገብ ግዴታው ነው። ወታደሩ ሲዛወር በሚሄድበት ቦታ ለልጁ አገልግሎቱ መኖሩ እንዲታይ ነው የሚመዘገበው። እሷ ግን «ስሜ እዚያ ከገባ ዕድገት ቀረብኝ፣ አለቆቼ ጎዶሎ ልጅ ያላት ይሉኛል» ብላ ሁለት ወር ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። እሷ ጓዳውን ይዛው ነው የሄደችው። በመጨረሻ ተመዘገበች። በሚቀጥለው ዓመት ሃምሳ አለቃ ሆነች። ማንም ምንም አላላትም፤ እንዲያውም አለቃዋ የራሱን ሴት ልጅ ቀጠሮ ሊጠይቃት መጣ። ይኼ ምዝገባ ኤኮ ለሚባለው ተጨማሪ ድጋፍም በር ነው። ኤኮ መደበኛው ኢንሹራንስ የማይነካቸውን አንዳንድ ነገሮች በዓመት እስከ 36,000 ዶላር ይሸፍናል፣ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ወታደር በተጠቀመበት ወር 25 ዶላር ብቻ ይከፍላል።

3 ዓመት ሲሞላው ነገሩ ወደ ትምህርት ቤት ዞረ። ከ3 ዓመት ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለእንዲህ ያለ ልጅ አይ.ኢ.ፒ የሚባል የግል ዕቅድ አውጥቶ በነፃ ይሰጣል። የትምህርት ቤቱን ድርሻ ትራይኬር አይከፍልም። ከዚያ በላይ ሕክምና ያስፈልገዋል ከተባለ ሐኪሙ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። እህቴ በዚህ ጊዜ የራሷ ወፍራም ፋይል ነበራት። የትምህርት ቤቱን ዕቅድ፣ የሐኪሙን ደብዳቤና የባለሙያዋን ሪፖርት አንድ ላይ ላከች። አለፈ።

በ2025 ክረምት ከጆርጂያ ወደ ዋሽንግተን ስቴት ተዛወረች። (ዋና ከተማው አይደለም፣ በምዕራብ ጫፍ ያለው ስቴት ነው። እኔም ተሳስቼ ነበር።) አዲስ ቀጠና ማለት አዲስ ተቋራጭ፣ አዲስ ሐኪም ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ይሻላል፤ 50ዎቹም ስቴቶች በወታደር ልጆች ጉዳይ የተስማሙበት ውል ስላለ አዲሱ ትምህርት ቤት በድሮው ዕቅድ ተመጣጣኝ አገልግሎት ይጀምርለታል። በፕራይም ደግሞ ለስፔሻሊስት ቀጠሮ ከ28 ቀን ማለፍ የለበትም። እህቴ በ29ኛው ቀን ጠዋት ደወለች። «ሌላ ባለሙያ ፈልጉልኝ» አለች። ተገኘ። ድሮ ታክሲ ላይ መልስ ለመጠየቅ የምታፍር ልጅ ነበረች እኮ!

ባለፈው እሁድ ቪዲዮ ላይ አየሁት። ከፊት ጥርሱ አንዱ ጎድሏል፣ ወድቆ ነው አሉ። «አጎቴ፣ ጅቡ አህያዋን በላት!» አለኝ። «ጅቡ» የሚለው «ዲቡ» ነው የሚመስለው፤ ባለሙያዋ አሁን በእሱ ላይ ነች። ገና ሕክምናው አላለቀም፤ ፈቃዱም በየጊዜው መታደስ አለበት፣ እህቴ ቀኑን ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች።

እማዬ ግን ስለቴ ደርሷል ባይ ናት። ቁልቢ ለመሄድ ተነስታለች። እህቴ «ኧረ ገና ነው፣ ጅቡን ይጨርስ» ትላለች፤ እኔ መሀል ገብቼ ጃንጥላው ስንት ብር እንደሆነ መርካቶ ጠይቄ መጥቻለሁ። ማን ይክፈል በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።