ስለ ክረምት ጭቃና ስለ ቤት ውሻ

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች የሐምሌና የነሐሴ ሌሊት ብርድ ይበረታባታል። በዋግ ኽምራ ደጋ ሌሊቱን ደጅ ሲጠብቅ ያደረ ውሻ፥ ማለዳ በሩ እንደ ተከፈተ ጭቃውን ይዞ ይገባል። እርጥቡን ጭቃ ወዲያው ማሸት በእበት የተለቀለቀውን ወለል ይልጠዋል፤ ስለዚህ እስኪደርቅ ትቶ መጥረግ፥ የተላጠውንም ፀሐይ በወጣ ቀን መልሶ መለቅለቅ ይሻላል።

ነገር ግን ዋናው ጉዳይ የወለሉ ማማር አይደለም። የታመመ በግ ወይም ፍየል ጉበትና ሳንባ ጥሬውን የበላ ውሻ፥ በአንጀቱ የኮሶ ትል ዓይነት የሆነ ጥቃቅን ትል ይይዛል። እንቁላሉ ከእዳሪው ጋር ወጥቶ በእግሩና በጠጉሩ ወደ ቤት ይገባል። በወለል የሚድኽ ሕፃን እጁን አፉ ከቶ ቢውጠው፥ በጉበቱ ወይም በሳንባው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያድጋል፤ ይህም ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ይቆያል።

ውሻውን በዱላ ማባረር፥ እንደኔ አስተያየት፥ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚገባው በርዶት ነውና። በታዛው ሥር ድንጋይ ተደልድሎ ደረቅ ገለባ ቢነጠፍለት ከዚያ ይተኛል። ድንጋይ እንደ ሆነ በዋግ አይታጣም፤ ከበሩም ፊት ጠፍጣፋው ይነጠፍ፥ በላዩም አሮጌ ማቅ ይጣል።

በእርድ ቀን ከረጢት የታየበት ሥጋ ለውሻ ከሚጣል ይቃጠል፥ ወይም ውሻ እንዳይጭረው በጥልቅ ይቀበር። የሕፃኑም እጅ ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና የታጣ እንደ ሆነ በአመድ።