ማሽን ከመግዛት በፊት ቀን መቁጠር

በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1968 ገበሬዎችን ጠርቶ ለየት ያለ ዐውደ ጥናት ጀመረ። ገበሬዎቹ ስንት ሄክታር እንደሚያርሱ፣ ስንት ሠራተኛ እንዳላቸው፣ መዝሪያና ኮምባይነራቸው በሰዓት ምን ያህል እንደሚሠሩ፣ ምን ያህል ምርት እንደሚጠብቁ በቅጽ ይሞሉ ነበር። መረጃው «ሞዴል ቢ» ወደተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይገባና ለእያንዳንዱ የራሱ የእርሻ ዕቅድ ይወጣለት ነበር። ገበሬውም ዕቅዱን አይቶ «አንድ ሰው ብቀጥርስ? መዝሪያውን በሰፊ ብለውጠውስ?» እያለ ቁጥሩን ቀይሮ እንደገና ያሠላ ነበር። ፕሮግራሙ ከጊዜ በኋላ በግል ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሆኗል።

ሂሳቡ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ይባላል። መሠረቱን የሶቪየቱ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 ጣለ፤ አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንዚግ በ1947 ሲምፕሌክስ የተባለውን የስሌት ዘዴ አበጀለት። ጥያቄው አንድ ነው፦ መሬት፣ ጉልበት፣ ማሽንና ጊዜ ውስን ከሆኑ እንዴት ቢደለደሉ የተሻለ ትርፍ ይገኛል? በቆሎና አኩሪ አተር ብቻ የሚያመርት ገበሬ እንኳ የቱን ማሳ በየትኛው ሳምንት ዘርቶ በየትኛው ሳምንት እንደሚሰበስብ ማጣመር ሲጀምር አማራጩ ከአእምሮ አቅም በላይ ይሆንበታል።

ከእነዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው የጊዜ ጉዳይ ነው። በኢንዲያና በቆሎ የሚዘራው በአብዛኛው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ነው። ከዚያ ከዘገየ ምርቱ በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሳይጠነፍፍ ትራክተር ቢገባ ደግሞ መሬቱ ይጠቀጠቃል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው ሥራ የሚያሠሩትን ቀናት ብቻ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም በየግዛቱ በሳምንቱ ስንት ቀን መስክ ላይ መሥራት እንደተቻለ እየመዘገበ ያወጣል።

በምሳሌ እንየው። ስድስት መስመር በአንዴ የሚዘራ ማሽን ስፋቱ 4.5 ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 3.6 ሄክታር መሸፈን ነበረበት። ነገር ግን ማሳው ጫፍ ላይ ሲዞር፣ ዘር ሲሞላ፣ ሲጸዳና ሲስተካከል ጊዜ ይባክናል። ከሰዓቱ 65 በመቶው ብቻ በዘር ላይ ዋለ ብንል 2.3 ሄክታር ገደማ፣ በ10 ሰዓት ደግሞ 23 ሄክታር ይሆናል። 230 ሄክታር በቆሎ ያለው ገበሬ 10 ጥሩ ቀን ያስፈልገዋል ማለት ነው። ሰማዩ 12 ቀን ከሰጠው ማሽኑ ይበቃዋል፤ 7 ብቻ ከሰጠው 69 ሄክታር ከወቅቱ አልፎ ይዘራል። በ12 መስመር መዝሪያ ሥራው በ5 ቀን ያልቃል፤ ያንን የሚጎትት ትራክተር ግን ጉልበቱም ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

ታዲያ ይግዛ ወይስ ይተው? ፕሮግራሙ ከዕቅዱ ጋር በተጨናነቀው ሳምንት አንድ ተጨማሪ የመዝሪያ ሰዓት ቢገኝ ትርፉ በስንት ዶላር እንደሚያድግ ያወጣል። ያ ዋጋ ዜሮ ከሆነ ማሽኑ ሥራ አልበዛበትም፤ ትልቁን መግዛት ለታይታ ነው። ከፍ ያለ ከሆነ ግን ማነቆው እዚያ ነው። አንዳንዴ ችግሩ መዝሪያው ላይ ሳይሆን በእህል ማድረቂያው ላይ ይገኛል። እርጥበት ያልለቀቀ በቆሎ በጊዜ ቢሰበሰብም ማድረቂያው ካልደረሰለት ኮምባይነሩ ቆሞ መጠበቁ ነው። ገበሬው ኮምባይነር ሊገዛ አስቦ ማድረቂያ ማስፋት እንደሚሻለው የሚረዳው እንዲህ ነው።

ስሌቱ ግን ከገባለት መረጃ አይበልጥም። ገበሬው ምርቱን አጋኖ ከሞላ ፕሮግራሙም የተጋነነ ትርፍ ይነግረዋል። በአማካይ ዓመት የተሠራ ዕቅድ ዝናብ በበዛበት ዓመት ይፋለሳል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው በክፉውም ዓመት ቁጥር ደግሞ ያሠላል። የእህል ዋጋ ሲወርድ ደግሞ በብድር የተገዛ ማሽን ዕዳው አብሮ አይወርድም።

በእኛ አገር በአርሲና በባሌ ስንዴ አብቃይ አካባቢዎች ኮምባይነር የሚከራይ እንጂ የሚገዛ አርሶ አደር ብዙ አይደለም። ሂሳቡ ግን ያው ነው፦ ስንዴው ደርሶ ዝናብ ሳይመጣበት ተራው ይደርሳል ወይ? አከራዩም በስንት ቀን ስንት ማሳ እንደሚያዳርስ ማወቅ አለበት። ከላይ ያየነው 65 በመቶም እዚህ ይፈተናል። ማሳዎቹ ትንንሽና የተራራቁ ሲሆኑ ማሽኑ የሚዞርበትና የሚጓዝበት ጊዜ አጨዳውን ይሻማዋል። ኩታ ገጠም እርሻ አንዱ ጥቅሙ ይህን ብክነት መቀነሱ ነው። የተለያየ ጊዜ የሚደርሱ ዝርያዎችን ከፋፍሎ መዝራትም አጨዳው በአንድ ሳምንት እንዳይጨናነቅ ያግዛል።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ለመጠቀም የሚያስቡ ማኅበራትና ባለሀብቶች በቅድሚያ የሚያስፈልጋቸው መዝገብ ነው፦ በየትኛው ቀን ማሳ መግባት ተቻለ፣ ማሽኑ ስንት ሰዓት ሠርቶ ስንት ሄክታር ጨረሰ፣ ስንት ሰዓት ተበላሽቶ ቆመ። ይህ ተጽፎ ለጥቂት ዓመታት ከተያዘ ፕሮግራሙ የሚያሠላው የራሳቸውን እርሻ ይሆናል። ካልተያዘ ግን ቁጥሩን የሚሞላላቸው ማሽን ሻጩ ነው።