የቀርከሃው ሰይፍና ልክን ማወቅ

ልጁ ካራቴ ወይም ቴኳንዶ ሲማር ደስ የሚለው ወላጅ፣ አንድ ቀን ልጁን ዱላ ወይም የእንጨት ሰይፍ ይዞ ሲያገኘው ይደነግጣል። “ይኼ ጠብ ማስተማር አይደለም ወይ?” ይላል። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ በአግባቡ የተሰጠ የመሣሪያ ሥልጠና የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው።

የጃፓኖችን ኬንዶ እንመልከት። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው ድንጋጌ፣ ከወታደርና ከፖሊስ እንዲሁም የመንግሥት የክብር ልብስ ከለበሱ ሰዎች በስተቀር፣ ሰይፍ ታጥቆ በአደባባይ መታየትን ከለከለ። ሰይፉ ከወገብ ቢወርድም ትምህርቱ ግን አልጠፋም። የመላው ጃፓን ኬንዶ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1952 ተቋቋመ፤ በ1975 ደግሞ የኬንዶ ዓላማ በሰይፍ መርሆዎች የሰውን ጠባይ ማነጽ መሆኑን ደነገገ።

ጠባይ የሚታነጸው እንዴት ነው? ተጋጣሚዎቹ መከላከያ ለብሰው ከአራት የቀርከሃ ፍላጮች በተሠራ ሰይፍ ይለማመዳሉ። ነጥብ የሚያስገኙት ዒላማዎች ራስ፣ የእጅ አንጓ፣ ጎንና ጉሮሮ ብቻ ናቸው። መምታት ብቻውን አይበቃም፤ ድምፅ፣ ሰይፍና እግር በአንድ ቅጽበት መግጠም አለባቸው፤ ከመታ በኋላም ንቃቱ መጓደል የለበትም። ነጥብ አገኘሁ ብሎ የፈነጠዘ ነጥቡ ሊሰረዝበት ይችላል!

ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ ሲያዝ ርቀትን መለካትና የሌላውን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ማንበብ የግድ ይሆናል። ጉልበት ብቻውን ስለማያዋጣም ከስልሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ሳይቀሩ ይለማመዱታል። ከሁሉ በላይ ግን ጓደኛውን ሳይጎዳ ለመለማመድ ሠልጣኙ ማቆምን መማር አለበት።

ለእኛም ቢሆን ማቆም መቻል ቀላል ነገር አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የመከላከል እርምጃው ከጥቃቱ ጋር ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ከመጠን ያለፈውን የሚመለከተው አንቀጽ 79 ነው። በድንጋጤና በንዴት መካከል ልኩን ለይቶ ማወቅ በንባብ ብቻ አይገኝም፤ ልምምድ ይጠይቃል።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፣ አሠልጣኙን ስለ ዱላው ከመጠየቅህ በፊት ማቆምን እንዴት እንደሚያስተምር ጠይቀው። መልስ ከሌለው ልጅህን ይዘህ ውጣ። አባቶቻችን “በሕግ አምላክ!” ሲባሉ የሰነዘሩትን ዱላ ይመልሱ ነበር። ጥሩ ሥልጠናም ይህንኑ ቃል ማንም ሳይጠራው ከውስጥ መስማትን ያስተምራል።