የበጎ ፈቃደኛው ሰዓት ስንት ያወጣል?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 የአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ የኮከቦች ጨዋታውን በኒው ዮርክ ሲያካሂድ፣ ማንሃተን ውስጥ በሚገኘው የጃቪትስ ማዕከል ለአምስት ቀናት የደጋፊዎች ትርዒት ከፍቶ ነበር። መግቢያው በክፍያ ነው። ሰልፍ የሚያስይዙት፣ መንገድ የሚጠቁሙት፣ የገባውን ሕዝብ የሚያስተናግዱት ግን ያለ ደመወዝ ነበር የሚሠሩት። ሊጉ ለሳምንቱ ዝግጅቶች ሁለት ሺሕ ያህል በጎ ፈቃደኞች መልምሏል። ለልፋታቸው የተሰጣቸው ቲሸርት፣ ኮፍያ፣ የጀርባ ቦርሳ፣ የውኃ ኮዳ፣ አንድ የቤዝቦል ኳስና የትርዒቱ ነፃ መግቢያ ነው። በዚያ ዓመት የሊጉ ገቢ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በልጧል።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በወቅቱ የኒው ዮርክ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ሁለቱ ሺሕ ሰዎች እያንዳንዳቸው 15 ሰዓት ሠርተዋል ብለን ብንነሳ 30 ሺሕ የሥራ ሰዓት ይሆናል። በዝቅተኛው ክፍያ ሲባዛ 217,500 ዶላር ይመጣል። ይህ ሊጉ ካስገባው ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር ላይ ሦስት ሳንቲም እንኳን አይሞላም። እንግዲህ አቅም ስለጠፋ ነው ሊባል አይችልም። መክፈል የሚችል ድርጅት ለምን አይከፍልም?

መልሱ የአመልካቾቹ ሰልፍ ላይ ነው። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ ለ20 ሺሕ የበጎ ፈቃድ ቦታ ከ420 ሺሕ በላይ ማመልከቻ ደረሳት። ለንደን በ2012 ለኦሊምፒኳ 70 ሺሕ ስትፈልግ 240 ሺሕ ሰው አመለከተ። ፓሪስ በ2024 ለ45 ሺሕ ቦታ ከ300 ሺሕ በላይ አመልካች አገኘች። በተለመደው ገበያ ሻጭ ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል። እዚህ ዋጋው ዜሮ ገብቶም ሻጩ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ዋጋው ከዜሮ በታች ወርዷል ማለት ይቻላል። የፓሪስ በጎ ፈቃደኞች የደንብ ልብስ፣ ምግብና የከተማ ትራንስፖርት ሲቀርብላቸው ማደሪያቸውን የቻሉት ግን ራሳቸው ናቸው። በኦሊምፒክ ሰሞን ፓሪስ ውስጥ ክፍል መከራየት ምን እንደሚያስወጣ መገመት አያዳግትም። ወጣቱ ለመሥራት ከፍሏል ማለት ነው።

የሚከፍለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ለኳስ ወይም ለሩጫ ያለው ፍቅር እውነተኛ ነው። ያደነቀውን አትሌት በቅርብ ማየት፣ የታሪክ ተካፋይ መሆን፣ ከዓለም ዙሪያ ከመጡ እኩዮቹ ጋር መተዋወቅ ለእሱ ዋጋ አላቸው። ይህንን ፍቅር የሚያናንቅ ጸሐፊ መሆን አልፈልግም። የሚያሳስበኝ ፍቅሩን የሚያስተናግደው ወገን አሠራር ነው።

የሰዓት ደመወዝ የሚከፍል አዘጋጅ ሰው ሲመድብ ይቆጥባል። በሩ ላይ አራት ሰው ይበቃል ወይስ ስድስት? ሠራተኞቹ ጨዋታው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ቀድመው ይምጡ ወይስ አምስት? እያንዳንዱ ውሳኔ ወጪ ስላለው የፋይናንስ ክፍሉ ይጠይቃል። የበጎ ፈቃደኛው ሰዓት ግን በየትኛውም የወጪ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ያልሰፈረ ወጪ ደግሞ ማንም አይቆጥበውም። ስለዚህ ለአንድ ሰው ሥራ ሦስት ወጣት ይመደብና ሁለቱ ሲገተሩ ይውላሉ። ተተኪ ይመጣል ተብሎ ፀሐይ ላይ የቆመው ልጅ እስኪመሽ እዚያው ነው። ምሳው ዘግይቶ ወይም አንሶ ይደርሳል። ማታ የሚለቀቀውም ታክሲ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው አስተባባሪው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። እሱም ብዙ ጊዜ የደከመው፣ በጀት ያልተሰጠው ወጣት ነው። የልጆቹን ሰዓት ያባከነው ሰዓታቸው ዋጋ የለውም የተባለበት የሒሳብ አያያዝ ነው። ሰልፉ ደግሞ አፍ ያዘጋል፤ ቅር ያለው ልጅ ቦታውን የሚፈልጉ ሌሎች እንዳሉ ስለሚያውቅ ዝም ይላል።

ወደ ኒው ዮርኩ ጉዳይ ልመለስ። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ ሊጉን ፍርድ ቤት ገተረው። የአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ እንደሚተረጎመው ለትርፍ የሚሠራ የግል ድርጅት በበጎ ፈቃድ ስም በነፃ ማሠራት አይፈቀድለትም፤ በጎ ፈቃድ ለበጎ አድራጎትና ለሕዝብ ተቋማት ነው። ክርክሩ ግን እዚያ ጥያቄ ላይ ሳይደርስ በጎን በር ወጣ። ሕጉ በዓመት ከሰባት ወር በላይ የማይሠሩ የመዝናኛ ተቋማትን ከዝቅተኛ የክፍያ ግዴታ ነፃ ያደርጋል። ትርዒቱ የቆየው አምስት ቀን በመሆኑ፣ ከሊጉ ተለይቶ ራሱን እንደቻለ ወቅታዊ ተቋም ተቆጠረ። የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ክሱን ዘጋው፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2015 አጸናው። ሰዎቹ ሠራተኞች ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። የውድድር ባለቤቶች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት ግልጽ ነው፤ ድርጅቱ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራና ቢሊዮኖች የሚያንቀሳቅስ ቢሆንም፣ ዝግጅቱ አጭር ከሆነ ሕጉ ላይደርስበት ይችላል። ትልልቅ የስፖርት ውድድሮች ደግሞ ሁሉም አጭር ናቸው።

አዘጋጆች የሚያነሱት ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ ቸል ሊባል አይገባም። ገንዘብ ሲገባ በጎነት ይወጣል ይላሉ። ለዚህም የሚጠቀስ ጥናት አለ። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ረስቲኪኒ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሥራ፣ እስራኤል ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚሰበስቡ 180 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ምንም አልተከፈለውም። ሁለተኛው ከሰበሰበው 1 በመቶ፣ ሦስተኛው 10 በመቶ ከተመራማሪዎቹ ኪስ ተከፈለው። በአማካይ ብዙ የሰበሰቡት ያልተከፈላቸው ሆኑ። 1 በመቶ የተከፈላቸው ከሁሉም አነሱ። 10 በመቶዎቹ ከእነዚህ ቢሻሉም በነፃ የሠሩትን አልደረሱባቸውም።

ውጤቱን አምናለሁ። ነገር ግን ተማሪዎቹ ይዞሩ የነበረው ለማን ነው? ለተቸገረ ሰው ነው። ሣጥኑ ውስጥ የገባው ሳንቲም የማንም ትርፍ አልነበረም። ጥናቱ የሚያስተምረው ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ጥቂት ፍራንክ መወርወር ስሜትን እንደሚያበላሽ ነው። የቴሌቪዥን መብት ሸጦ፣ ስፖንሰር ሰብስቦ፣ ትኬት ቆርጦ ለሚያተርፍ ድርጅት በነፃ መሥራት ተገቢ ነው አይልም። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2022 ባሉት አራት ዓመታት ያስገባው 7.57 ቢሊዮን ዶላር ነው። እዚያ በር ላይ የሚቆም ልጅ የሚረዳው ችግረኛ የለም።

ይህንን ልዩነት የእኛ ገበሬ ጥንት ለይቶታል። ደቦ የጠራ ሰው ለመጡት ምግብና መጠጥ ያቀርባል፤ ሲጠሩትም በሬውን ይዞ ይሄዳል። ጉልበቱ በገንዘብ አይለካ እንጂ ብድሩ ይመለሳል፤ ሳይመልስ የቀረ በሚቀጥለው አጨዳ ብቻውን ነው። የውድድር ባለቤት ለጠራቸው ወጣቶች የሚመልሰው ቀን የለውም፤ አንዳንዱ ምሳውንም ይቆጥባል። በየክረምቱ የአረጋውያንን ጣሪያ የሚቀይሩ ልጆቻችን የሚሰጡት ጉልበት ስጦታ መባሉ ልክ ነው። በስፖንሰር አርማ ያሸበረቀ ስታዲየም ውስጥ ሲሆን ግን ያው ጉልበት ከወጣቱ ቤተሰብ ወደ ባለሀብቱ የሚሄድ ድጎማ ነው።

ድጎማውን የሚከፍለው ማን እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል። ለሦስት ሳምንት ያለ ገቢ መቆየት የሚችለው ምግቡንና ቤት ኪራዩን ወላጅ የሚሸፍንለት ልጅ ነው። ቀን ሠርቶ እናቱን የሚረዳው ከመጀመሪያው አይመጣም። ከውድድሩ በኋላ የሚሰጠው ሰርተፊኬት፣ የተቀሰመው ልምድ፣ የተገኘው ትውውቅ ለሥራ ፍለጋ ይጠቅማል ከተባለ፣ ጥቅሙም ቀድሞ ላለው ሄደ ማለት ነው። ቶኪዮ ለኦሊምፒኳ 80 ሺሕ በጎ ፈቃደኞች ስትመለምል ለትራንስፖርት በቀን 1,000 የን መደበች። ከክፍያ ይልቅ ለምልክት የቀረበ ገንዘብ ነው። ያም ሆኖ ቤተሰቡ ለመጓጓዣ እንኳን የማይተርፈውን ልጅ በር ላይ አያስቀረውም።

ነገሩ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ሕፃናት ሲሆኑ ነው። በቴኒስ ሜዳ ኳስ የሚያቀብሉት ልጆች ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ከኳስ ሳይነቅሉ፣ ተጫዋቹ ፎጣ ሲፈልግ እየሮጡ ይውላሉ። የአሜሪካ ኦፕን ለዚህ ሥራ በሰዓት ይከፍላል። በፓሪሱ ሮላን ጋሮስ ያው ሥራ ክፍያ የለውም፤ በ2024 የነጠላ ሻምፒዮን እዚያ የወሰደው ሽልማት 2.4 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። የመጀመሪያው መክፈሉ ውድድሩን አላከሰረውም፤ ልጆቹም ፍቅራቸው አልቀዘቀዘም፣ አሁንም በየዓመቱ ለመመረጥ ይሞክራሉ።

ይህንን ዛሬ ማንሳቴ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን የማዘጋጀት ፍላጎቷን በይፋ በመግለጿ ነው። ዕድሉ ቢሳካ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በጎ ፈቃደኛ እንዲሆኑ ይጠራሉ፤ በደስታም ይመጣሉ። ሕጋችን ግን አልጠበቃቸውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን ወጣት በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን አይፈቅድም። አዋጁ የሥራ ውልን የሚተረጉመው ግን ደመወዝን መሠረት አድርጎ ነው። ደመወዝ ከሌለ ውል የለም፣ ውል ከሌለ የሰባት ሰዓቱም ገደብ አይመለከተኝም ብሎ የሚከራከር አዘጋጅ መንገድ አለው። የሚከፈለው ልጅ ተጠብቆ የማይከፈለው ልጅ ሜዳ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል፤ ይህ ግን ስታዲየም በር ላይ ለቆመ አስተባባሪ ዝርዝር መመሪያ አይሆነውም።

ወጪው ያስፈራል? አምስት ሺሕ ወጣቶች ለ30 ቀን ቢሠሩና በቀን ለትራንስፖርትና ለምግብ 1,000 ብር ቢታሰብላቸው 150 ሚሊዮን ብር ይመጣል። በአሁኑ ምንዛሪ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። የ2023ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳ ቡድን ብቻውን የወሰደው ሽልማት 7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ወጪው በመዝገብ ላይ ከሰፈረ ደግሞ ለአንድ በር ስድስት ሰው የሚመድብ አይኖርም፤ ሁለቱ ይቀነሱና የቀሩት አራቱ በአግባቡ ይስተናገዳሉ።

ይህ የሚወሰነው ውድድሩ ሲደርስ አይደለም። አስተናጋጅ አገርና የውድድሩ ባለቤት ስምምነት ሲፈራረሙ ማን ምን እንደሚሸፍን ያኔ ይቆረጣል፤ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ በጀት ተዘግቷል ይባላል። ስለዚህ የባህልና ስፖርት ሚኒስቴርና የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ለድርድር ሲቀመጡ የበጎ ፈቃደኞች ውሎ አበል፣ የአደጋ መድን፣ የሥራ ሰዓት ጣሪያና የተሠራውን ሥራ በዝርዝር የሚገልጽ የልምድ ማስረጃ በጽሑፍ ይዘው ቢቀርቡ ደስ ይለኛል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ 4 ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ስታዲየሙ ባዶ እስኪሆን 5 ሰዓት ይደርሳል። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ኳስ አቀባዮችና አስተናጋጆች በዚያ ሰዓት የት እንደሚሆኑ፣ ማን በየትኛው መኪና ቤታቸው እንደሚያደርሳቸው የስምምነቱ አባሪ ላይ ካሁኑ መጻፍ ይቻላል።